ቁጥሩ የተፋቀው ሰዓት

ጎረቤላ፣ አንኮበር
ኅዳር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

መስከረምዬ ልጄ፣ እኔን ያድርገኝ፣

እንዴት ነሽ ብዬ አልጀምርም፤ እንዴት እንደሆንሽ ሌይላ ነግራናለች። የአልዩ አምባው ነጋዴ የአቶ ዘይኑልአቢዲን ልጅ፣ እግዜር ይስጣት፣ ካላችሁበት ዐረብ አገር ለዕረፍት ስትመጣ ወደ ቤቷ ሳትወርድ በቀጥታ እኛ ዘንድ ነው የገባችው። ስታስታምሚያቸው የነበሩት ሽማግሌ መሞታቸውን፣ በእጃቸው የሰጡሽን ሰዓት ልጆቻቸው «ሰርቀሽ ነው» ማለታቸውን፣ ሰዓቱ እስኪመለስ ስልክሽንም ፓስፖርትሽንም መያዛቸውን ነገረችን። እንኳን ሰዓት የሰው ክር ነክተሽ የማታውቂ ልጅ! ሲሰጡሽ ያየ የለም ወይ ብዬ ጠየቅኋት። «ብቻቸውን ነበሩ» አለችኝ። ደግ ሰው ደግነቱን ሰው ፊት ቢያደርገው ምን ነበረበት?

ሌይላ ቅዳሜ ትመለሳለች። ይህን ደብዳቤና ሰዓቱን የምታመጣልሽ እሷ ናት። «አባቴ እጁ ላይ አያደርገውም፤ ጠቅልሎ አስቀምጦታል፣ እንዳለ ላኩልኝ» ብለሽ በእሷ ልከሻል። እውነትሽን ነው፣ አላደረገውም። ምነው ባደረገው!

አባትሽን ታውቂዋለሽ። ዕድሜውን ሙሉ ብር አንጥሮ መስቀል ሲሠራ የኖረ ሰው፣ እጁ የገባውን ነገር ሳያሳምር እንቅልፍ አይወስደውም። ለፋሲካ የላክሽውን ሰዓት ገና እንዳየው «ፊቱ ራቁቱን ነው፤ ቁጥር እንኳ የለው፣ ጭረት ብቻ» አለ። «ተወው፣ እንዲህ ሆኖ ነው ውድ የሆነው» አልኩት። ማን ሰምቶኝ! «ልጄ የላከችው ሰዓት የአገሯን ቁጥር ይልበስ እንጂ» ብሎ ወደ መሥሪያው ገባ።

ከስስ ብር አዲስ ፊት ቆረጠለት፤ ከ፩ እስከ ፲፪ በግእዝ ቁጥር ቀረጸበት። አልዋሽሽም፣ አምሮ ነበር። ግን ልክ አልገባ ሲለው ጠርዙን እዚያው ሰዓቱ ላይ ሞረደውና የብሩ ብናኝ በውስጡ ባሉት መዘውሮች ደቃቅ ጥርስ መሃል ገባ። እሱን ለማውጣት በአፉ እፍ እፍ አለበት። አልወጣ ሲለው እንደ መስቀሉ በሎሚ አጠበው። ሎሚውን ከጎረቤት ለምኜ ያመጣሁለት እኔው ነኝ፤ ለምንህ ነው ብዬ እንኳ አልጠየቅሁም።

ይህ እንኳ ባልከፋ። ሰዓት ተበላሸ ይባላል፣ ያልፋል። የከፋው ጀርባው ነው። ከኋላ ደቃቅ ቁጥር ተጽፎበት ነበር። አባትሽ የማይረባ የፋብሪካ ምልክት መስሎት ፍቆ አለሰለሰውና በምትኩ «መስከረም» ብሎ ስምሽን ቀረጸበት። የስጦታ ዕቃ የሰጪው ስም ሳይጻፍበት ከእጁ ወጥቶ አያውቅም። ሲቀርጽ እንዳይንሸራተትበት እንደ ልማዱ በሞቀ ሰም አጣብቆ ነው የያዘው፤ ሰሙም ውስጥ ገብቶ ቀርቷል።

ሌይላ ገልብጣ ስታየው ፊቷ ተለዋወጠ። «ያ አላህ! እትዬ በሰለች፣ የሰዓቱ ወረቀት ልጆቹ እጅ ነው። በዚያ ቁጥር ነው የሚያመሳክሩት። ቁጥር የሚፍቅ ሌባ ብቻ ነው ይሏታል» አለችኝ። አባትሽ አጠገቤ ቆሞ ነበር፤ ሰምቷል።

በነጋታው በዚያ ውርጭ ደብረ ብርሃን ይዘነው ሄድን። ሰዓት ሠሪው ሠረቀብርሃን ከፍቶ አየው። «ጋሼ ወልደኪዳን፣ ምን ልበልዎት? ሎሚው በልቶታል። መለዋወጫው አዲስ አበባም አይገኝም» አለ። አባትሽ ለሌላው ግድ አልሰጠውም። «ቁጥሩስ? ቁጥሩን ብቻ መመለስ አይቻልም?» ብሎ ለመነው። ሠረቀብርሃን ራሱን ነቀነቀ።

ልቆጣው አስቤ ነበር። ተናድጃለሁ፣ አሁንም ንድድ ይለኛል። ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ እህል አልቀምስ ብሎ ሲቀመጥ ምን ብዬ ልቆጣው? እዚህ ቢሆን ሽማግሌ እንልካለን፤ ድንጋይ ተሸክመን እግራቸው ላይ ወድቀን እናስለቅቅሽ ነበር። እዚያ ማንን እንልካለን? የማንን ደጅ እንጠናለን? ገብሱ ሳይታጨድ ቆሟል፤ እኔም ወጥቼ አየውና ተመልሼ እገባለሁ። ትናንት አባትሽ «እኔ ብሄድላቸው እሷን ይለቋታል ወይ?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔ ምን አውቃለሁ ልጄ? ምንም አላውቅም።

ዛሬ ጠዋት ከመሥሪያው የመዶሻ ድምፅ ሰምቼ ሮጬ ገባሁ። ስምሽን ፍቆ ጨርሷል። ጀርባው ከመሳሳቱ የተነሣ ጣት ሲጫነው ይሰረጉዳል። በስምሽ ፈንታ «ያበላሸሁት እኔ ወልደኪዳን ነኝ» ብሎ ቀርጾበታል። ቀጥ ያለ፣ ጥርት ያለ ጽሑፍ ነው፤ ለቤተ ክርስቲያን እንኳ እንዲህ አድርጎ ሠርቶ አያውቅም። «በቃ፣ አሁን ያነቡታል፤ ልጄን ይተዋታል» አለኝ። ከዚያ እጁን ታጥቦ «ራበኝ፣ ምሳ አቅርቢ» አለ።

እዚያ ቤት የእኛን ፊደል የሚያነብ ሰው እንደሌለ አልነገርኩትም። በልቶ ይጨርስ ብዬ ነው።

ሌይላ ታንብብላቸው፤ ከሰሟት። ቅዱስ ሚካኤል የሚሰማ ጆሮ ያዘጋጅልሽ፣ ያን በር ከፍቶ ያውጣሽ። ምግብሽን ብይ፣ ልጄ።

እናትሽ በሰለች