ወደ ተጠሪ የሚሄደው ቀስት

ሰኞ፣ ጥቅምት 10። ከሥራ መልስ

የማርከር ቀለሙ ከጣቴ አልለቅ አለ። ቀኑን ሙሉ ግድግዳ ላይ ስስል ዋልኩ። ሳጥን፣ ክብ፣ ቀስት። ሳጥን ከውጭ ያለ ሰው ነው፤ ክብ ፕሮግራሙ የሚሠራው ሥራ፤ ቀስት መረጃው የሚሄድበት መንገድ። አለቃችን ሀብታሙ፣ ጽሑፏ ያምራል ብሎ ማርከሩን ለኔ ጣለው። ሌሎቹ ተቀምጠው "አጥፊው" ይላሉ፤ አጠፋለሁ።

የክሊኒክ ሥራ ነው። ለታካሚ የቀጠሮ መልእክት በስልክ የሚልክ ፕሮግራም። የዛሬ ሳምንት ይጀምራል። ከዚያ በፊት መረጃው በየት በየት እንደሚያልፍ አብረን እንስላለን፤ ሌባ የቱ ጋ ሊገባ እንደሚችል እንፈልጋለን። ሌባ ሆና የምትፈትነን ሰሚራ ናት፣ የጠረጴዛ ጎረቤቴ። አባቷ ሱቅ አላቸው፤ የሌባን ጠባይ ባንኮኒ ሥር ሆኜ ነው የተማርኩት ትላለች። ዛሬ ደጋግማ ዘረፈችን። ሳቅን።

እኔም ሳቅኩ፣ ደብተሬ። ክሊኒኩ ግን እኔ የምታከምበት ነው። የኤችአይቪ መድኃኒቴን የምወስደው እዚያ ነው። ቢሮ ውስጥ የሚያውቅ የለም። ሥራው ሲመጣ እምቢ ልል ነበር። ምን ምክንያት ልስጥ? "ታካሚ" ብዬ ሳጥን ስስል መስመሩ ተጣመመብኝ፤ ማርከሩ ደርቋል አልኳቸው።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11። ምሳ ሰዓት

የክሊኒኩ አስተዳዳሪ ጋሽ ታደሰ መጡ። ሁላችንም ተነሣን። ቢሯቸው ፎቅ ላይ ስለሆነ የታካሚ መልክ አያውቁም። ቢሆንም ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ዋልኩ። ጨዋ ሰው ናቸው፤ የሁላችንንም አባት ስም ጠየቁ። የኔን ለግድግዳው ተናገርኩ።

ሰሚራ ጠየቀች፦ ታካሚው ስልኩን ዘግቶ ቢሆንስ? ሀብታሙ አፏን ሳትዘጋ፣ ይደገማላ አለ። ጋ/ታደሰ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ማኪያቶ መጣ። ወሬው ወደ ሌላ ሄደ።

አንድ ነገር አለ።

ያው ቀን። 11 ሰዓት

ሀብታሙን ደረጃው ላይ ያዝኩት። አይደገምም አለኝ። ስልክ ዝግ ከሆነ መልእክቱ ወደ ተጠሪ ነው የሚሄደው። ከነክሊኒኩ ስም፣ ከነታካሚው ስም። ጋ/ታደሰ ጠየቁት፣ ሠራላቸው። ለምን አልተሳለም ስለው፦

"እንዴ ቲጂ! ሽማግሌውን ሰው ፊት ልንከሳቸው ነው እንዴ?"

ይሉኝታ። ሌባ ፍለጋ ግድግዳ እንቧጥጣለን፤ በሩን የከፈቱት እንግዳችን እንዳይከፋቸው ደግሞ ዝም እንላለን። ተናደድኩ። ወዲያው ደግሞ ፈራሁ። ንዴቱ ጠፍቶ ፍርሃቱ ቀረ።

ተጠሪ የማይጠየቅበት ቦታ የት አለ? ትምህርት ቤት፣ ባንክ፣ ሥራ፣ ሐኪም ቤት። ሰው ሳያስብ የሚያከብረውን ሰው ቁጥር ይሰጣል። እኔም የቤት አከራዬን የእትዬ ውዴን ቁጥር ነው የሰጠሁት። ዘመዶቼ ደሴ ናቸው፤ ሌላ ማን አለኝ? የክሊኒኩን ስም አራዳ ውስጥ የሚያይ ሰው ደግሞ ለምን እንደሚኬድበት ይገባዋል።

ስልኬ ባትሪው አርጅቷል። እንደፈለገ ይጠፋል።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13። ማታ 1 ሰዓት

ከቸርችል ወደ እሪ በከንቱ በእግሬ ገባሁ። እ/ውዴ ግቢው ውስጥ የተሰጣ ልብስ ያስገባሉ። ገና ስገባ "ትዕግሥቴ፣ ነይ እስቲ ይቺን አንብቢልኝ" ብለው ስልካቸውን ዘረጉ። ዓይናቸው ደክሟል፤ መልእክት ሲገባ ግቢው ውስጥ ላገኙት ሰው ነው የሚሰጡት። ጮክ ብሎ ይነበባል። ጎረቤቱ ሁሉ ይሰማል።

የቴሌ ማስታወቂያ ነበር። አነበብኩላቸው። "ምነው ድምፅሽ? ብርድ መታሽ እንዴ?" አሉኝ፤ ትኩስ ነገር ካልጠጣሽ ብለው ያዙኝ።

ደግ ናቸው። ክፋቱ ይሄ ነው። ከኔ በፊት በዚህ ክፍል የነበረችውን ልጅ በሽታው አለባት ሲባል በሳምንቱ ያስወጧት እኚሁ ሴትዮ ናቸው። ራሳቸው ናቸው የነገሩኝ፤ ሽሮ እየሰጡኝ፣ እንደ ቀላል ነገር። ያን ቀን ምን አልኩ? እሰይ አልኩ መሰለኝ። አዎ፣ እሰይ ነው ያልኩት።

ፈራሁ፣ ደብተሬ። ክፍሌን ማጣቱ ብቻ አይደለም። "ትዕግሥቴ" መባሉ ይቀርብኛል።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15። ከሰዓት

ጠዋት ክሊኒክ ሄድኩ። እንደ ማንኛዋም ታካሚ ተሰለፍኩ። ነጠላዬን እስከ አፍንጫዬ ጠቀለልኩ፤ ጋ/ታደሰ ቢወርዱስ? በር በተከፈተ ቁጥር ፊቴን አዞራለሁ።

ከፊቴ አንዲት ልጅ። የሰው ቤት ሠራተኛ ናት፣ እጇ በበረኪና ተልጧል። ነርሷ የልጅቷን ስልክ ቁጥር መዝገቡ ላይ አስተካከለችና፣ ተጠሪሽ ያው አሠሪሽ ናቸው አይደል? አለቻት። ልጅቷ ራሷን ነቅንቃ እሺ አለች። ምን እየተጠየቀች እንደሆነ አላወቀችም። እኔ አውቃለሁ። አፌን ከፈትኩ፤ መልሼ ዘጋሁት።

ተራዬ ሲደርስ የእ/ውዴን ቁጥር አስጠፋሁ። ያለተጠሪ አይሆንም አለችኝ። ሁለተኛውን የራሴን ሲም ሰጠሁ፤ እህቴ ናት አልኩ። አለቀ። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ።

እንዲህ ቀላል ከሆነ ለምን አልተነፈስኩም? በረኪና የበላው እጅ ከዓይኔ አልጠፋ አለ። ሰኞ ዝም ብል እኔን ምንም አይነካኝም። ብናገር "አንቺን ምን አገባሽ?" ይመጣል። መልሱ ደግሞ አንድ ብቻ ነው።

እሑድ፣ ጥቅምት 16

አልወጣሁም። እ/ውዴ በር አንኳኩ። ተኝቻለሁ አልኩ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 17። ጠዋት 2 ሰዓት

ዛሬ ይጀምራል። ዝም እላለሁ። ወሰንኩ።

ያው ቀን። 9 ሰዓት፣ ደረጃው ላይ

ዝም አላልኩም።

ጋ/ታደሰ ለመክፈቻው መጥተው ነበር፤ ሀብታሙ "እንግዲህ ጨርሰናል" ሲላቸው ተነሣሁ። ከ"ታካሚ" አጠገብ ሌላ ሳጥን ሳልኩ፣ "ተጠሪ" ብዬ ጻፍኩበት፣ ቀስት ሰደድኩለት። ሀብታሙ አቀረቀረ። ሰሚራ "ይሄ ከየት መጣ?" አለች፤ ስልክ ከተዘጋ መልእክቱ የሚሄድበት ነው አልኳት።

ጋ/ታደሰ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። አንዲት እናት ነበረችን አሉ፤ ስልኳ ዝግ፣ ቀጠሮዋ አለፈ፣ መድኃኒቱን አቋረጠች፣ ሞተች። ተጠሪዋን ብናገኝ ኖሮ ትተርፍ ነበር። ቀስቱን ያስጨመሩት ለሷ ነው። ከዚያ ዓይናቸውን ጣሉብኝ።

"ልጄ፣ ተጠሪ እኮ የቅርብ ሰው ነው። ማን ነው የቅርብ ሰውን የሚፈራ?"

የሠራተኛዋን ልጅ ልነግራቸው ነበር። የት አየሻት ቢሉኝስ?

"እኔ" አልኩ። "የናንተ ታካሚ ነኝ። ተጠሪዬ አከራዬ ነበሩ። ቢያውቁ ያስወጡኛል።"

የሆነውን በደንብ አላስታውስም። ጋ/ታደሰ መነጽራቸውን አወለቁ። ማርከሩን ከእጄ ተቀበሉ፤ ቀስቱን ሊያጠፉት መስሎኝ ነበር። አላጠፉትም፣ በነጠብጣብ ከበቡት፤ ታካሚው ራሱ እስኪፈቅድ ይዘጋ አሉ። ሀብታሙ ወዲያው ቁጭ ብሎ ዘጋው። ይቅርታ ሊለኝ ፈልጎ መሰለኝ፣ "ለስልክሽ ቻርጀር አለሽ?" አለኝ። ሰሚራ አቀፈችኝ። ጠበቅ አድርጋ።

ወጥቼ እዚህ ተቀመጥኩ። ልጅቷ ተርፋለች። እኔስ?

ሰዎቹ ጥሩ ናቸው። ግን ክፍሉ ውስጥ ስድስት ሰው ነበር፤ ስድስቱም ቤት አላቸው፣ ጓደኛ አላቸው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ እኔ ሳልሰማ ወሬው ሰፈር ይደርሳል። እ/ውዴ ከሌላ ሰው አፍ ከሚሰሙት ከኔ ይስሙት። ዛሬ። ልብሳቸውን ሳያስገቡ።

ምን ብዬ እንደምጀምር አላውቅም። "እትዬ ውዴ፣ ይቀመጡ፣ አንድ ነገር ልንገርዎ" እላለሁ። ከዚያ ያለውን ገና አላገኘሁትም። ልሂድ።