በስምሽ የጻፍኩት

ውድ እህቴ ሩሀማ፣

ስልክሽ አሁንም ኪሴ ውስጥ ነው። ሐይቁ ከወሰደሽ ስድስት ወር ሆነ። እዚህ ባሕር ማዶ እኛ ጋ እስክትመጪ ያሳደጉሽ እትዬ ሙሉእመቤት ግን ደሴ ሆነው ዛሬም በሕይወት ያለሽ ይመስላቸዋል። እማዬ «ልባቸው ደካማ ነው። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ሄጄ እስክነግራቸው አንተ መልስላቸው» አለችኝ። እኔም በስምሽ ስጽፍላቸው ከረምኩ። «ደህና ነኝ እትዬ፣ ሥራ በዝቶብኝ ነው።»

ዛሬ ክፍል ውስጥ ዶክመንተሪ አሳዩን። ድሮ በዚህ አገር ቤተ ክርስቲያን ታስተዳድራቸው ስለነበሩ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ነው። የነባር ሕዝቦችን ልጆች ከእናቶቻቸው እየነጠቁ ያስገቧቸው ነበር። ስማቸውን ትተው በቁጥር ይጠሯቸዋል፤ በቋንቋቸው ሲያወሩ ይገርፏቸዋል። ጓደኛዬ ይሁዳ ከኋላዬ ተቀምጦ «ብሮ፣ እኔና አንተ እዚያ ብንሆን ጀርባ አይኖረንም ነበር» ሲለኝ ሳቅኩ።

ቀጥሎ አንዲት አረጋዊት ታዩ። እህታቸው እዚያ የሞተችው በመስከረም ነው። ደብዳቤዋ ግን እስከ ፋሲካ ድረስ ለእናታቸው ይደርስ ነበር። ሁልጊዜ «ደህና ነኝ» ይላል። የምትጽፈው አንዲት መነኩሲት ነበረች። እናትየው ደግሞ በየቀኑ መንገድ ዳር ወጥታ ልጇን ትጠብቃለች።

«ምነው፣ ገረጣህ እኮ» አለኝ ይሁዳ።

ወደ ሰፈራችን ወደ ስካርቦሮ ስመለስ ባስ ውስጥ ስልክሽ ተንቀጠቀጠ። እትዬ ድምፃቸውን ቀድተው ልከውልሻል።

«ሩሂዬ፣ ትናንት በህልሜ መጣሽ። ልብስሽ ውሃ ያንጠባጥባል። ግቢ ብልሽ እምቢ አልሽ። በሩ ላይ ቆመሽ ‹በስሜ የሚጽፍልዎ ማነው?› አልሽኝ። ምን ማለት ነው ልጄ?»

ስለ ሐይቁ ማንም አልነገራቸውም፣ ሩሂ። አጠገቤ ያለው ወንበር ባዶ ነበር። እጄን ሳሳርፍበት ረጥቧል። የሰው ጫማ ያመጣው በረዶ ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

ቤት ገብቼ «ከዛሬ ጀምሮ አልጽፍም» አልኳት እማዬን።

«እና መርዶ በቴክስት ልትነግራቸው ነው? አበድክ?»

ድምፁን ከፈትኩላት። ‹ውሃ ያንጠባጥባል› የሚለው ላይ ሲደርስ ወንበር ይዛ ተቀመጠች። ከዚያ ደሴ ላለው አጎታችን ለይመር ደወለች። ነገ ጎህ ሲቀድ ከጎረቤቶቻቸው ጋር ሄዶ ይነግራቸዋል። ያለቅሳሉ። ምናልባት እኔንም ይረግሙኛል። ግን መንገድ ዳር ቆመው አይጠብቁሽም።

ዳግመኛ በስምሽ አልጽፍም፣ ቃሌ ነው። አንቺም ከበራቸው ላይ ተነሺ። እርጥብ ልብስሽን ቀይሪና ተኚ።

በራሱ ስም የጻፈልሽ ወንድምሽ፣
ኤልሮኢ