አባዬ የቆረጠው የፊልሙ መጨረሻ

ለእታለሜ፣

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ አእምሮዬ በቦታው እያለ የምናዘዘው በደል አለኝ። ትተሽው የሄድሽውን ቢጫ ሹራብ በፈላ ውሃ የዘፈዘፍኩት እኔ ነኝ። አሁን እንኳን ለአንቺ ለድመታችንም ብብቷ ላይ ይይዛታል። አክስታችን አይጥ ጎትቶ ወሰደው ብላ ለሰፈሩ ሁሉ ስታወራ ዝም ብዬ መስማቴ ሳያንስ፣ «አቤት የዘንድሮ አይጥ» ብዬ አገዝኳት። ፍርድሽን አንገቴን ደፍቼ እጠብቃለሁ።

አሁን ኅሊናዬ ስለቀለለኝ ሰላምታዬ ይድረስሽ። እንዴት ነሽ? በጣም እንዴት ነሽ? ወገብሽስ? ቀኑን ሙሉ የስፌት መኪና ላይ ጎንበስ ብለሽ የሸሚዝ ኮሌታ ስትሰፊ እንደምትውይ የአውቶቡሱ ሹፌር ነግሮናል። ዓይንሽስ ደህና ነው? ምግብሽስ? አብራሽ የምትኖረው ያቺ የምታንኮራፋው ልጅ ተሻላት ወይስ አንቺ ለመድሽው? እኛን እንደሆነ እኔ ደህና ነኝ። አክስታችን ጉልበቷ ቢደክምም ምላሷ ፍጹም ጤነኛ ነው። ስለ አባዬ ታች ላይ እነግርሻለሁ። ዘለሽ ወደ ታች እንዳትሄጂ፤ አውቅሻለሁ፣ ዘለሽ ስታነቢ ከንፈርሽን ትነክሻለሽ።

ስልክሽን ከቀየርሽ ወዲህ ወደ አንቺ የሚያደርሰን መንገድ የአውቶቡሱ ሹፌር ብቻ ነው። ነገ ጠዋት ስለሚነሳ ይህንን ለፋብሪካችሁ ዘበኛ እንዲሰጥልኝ አስምዬዋለሁ። እሱም እንደ ልማዱ ደረቱን ነፍቶ «ፖስታ ቤት እኔ ነኝ» አለኝ። መቼም ሰው ሁሉ ሹመት ይወዳል።

ያንን የአሻንጉሊት ፊልም አልረሳሽውም አይደል? ሱቃችን ገና ቪዲዮ ቤት ሳለ፣ ልጁ ሁሉ አግዳሚው ላይ ተጣብቦ፣ አባዬ የቴሌቪዥኑን ድምፅ አጥፍቶ በማይክ የሚተርክልንን። ንግሥቲቱ አፏን ሁለቴ ከፍታ ስትዘጋ እሱ ውሃ እስኪጠማው ይናገርላት ነበር። የፊልሙን ቋንቋ አንዲት ቃል እንደማያውቅ ያኔ ማን ጠርጥሮ። ልጅቷ በጓዳቸው ባለ ጉድጓድ ወርዳ፣ ነዋሪው ሁሉ አሻንጉሊት የሆነበት አገር ትገባለች። የሁሉም ክር ወደ ላይ ወጥቶ ደመና ውስጥ ይጠፋል። ከአሮጌ ጫማ የተሠራው ኤሊ መንገድ ይመራታል። ከፊት የምትስቅ ከኋላ የምታለቅሰው ባለ ሁለት ፊቷ ንግሥት ደግሞ አልለቅሽም ብላ ትይዛታለች። ልጅቷ በሄደች ቁጥር ቀሚሷ እያጠረ ሲመጣ አባዬ ምን ይል ነበር? «ልብስ ሰፊዋ ጨርቅ ሰርቃባታለች።» አንቺም አምነሽ ስታለቅሺላት ትዝ ይለኛል፤ ይኸው ራስሽ ልብስ ሰፊ ሆነሽ አረፍሽው።

ባለፈው ወር የትምህርት ቤታችን የኪነ ጥበብ ክበብ ያንኑ ፊልም ከነድምፁ፣ ከሥሩ ከነትርጉሙ አሳየን። ክበቡን የሚመራው መምህር እኛ «ምልክቱ» የምንለው ነው፤ እሱ ዘንድ ዝም ብሎ የተቀመጠ ነገር የለም። ባልዲ ካየ ምልክት ነው፣ ባልዲው ከቀዳደደማ ትልቅ ምልክት ነው። ጉድጓዱ የልጅቷ የራሷ ልብ ነው አለን። የጫማው ኤሊ ልጅነቷ ነው፤ ቤቷን ተሸክሞ አብሯት ይሄዳል፣ ግን በጣም ስለሚዘገይ አንድ ቦታ ላይ ትታው ማለፍ አለባት። ቀሚሷ የሚያጥረው ልብሱ ተሰርቆ ሳይሆን እሷ እያደገች ስለሆነ ነው። እኔም እጄን አውጥቼ «በፈላ ውሃ ታጥቦስ ከሆነ?» አልኩ። ከልምድ ነው የተናገርኩት። ስላስወጣኝ የፊልሙን መሀል ውጪ ቆሜ በመስኮት ነው ያየሁት።

በመስኮት እያየሁ ሳለ ግን ሳቄ ቆመ። ልጅቷ ውሃ ልትጠጣ እጇን ስታነሳ የራሷ አንጓ ላይ ክር አየች። ከገባች ጀምሮ እዚያው ነበር፣ አላየችውም እንጂ። ምልክቱ ክሩ የወላጅ ፍቅርም ነው፣ የወላጅ መዳፍም ነው፣ ሁለቱን ለይቶ መቁረጥ አይቻልም አለ። ደግሞም ልብ በሉ፣ ንግሥቲቱ የምትናገረው በልጅቷ እናት ድምፅ ነው አለን። አባዬ ድምፁን አጥፍቶት ስለነበር ይህን ሰምቶት አያውቅም። እኛም ስንት ዓመት ያቺን ሴትዮ ጠንቋይ ነች ብለን ስንረግማት ኖርን።

መጨረሻውን ልንገርሽ፣ ምክንያቱም መጨረሻውን አይተን አናውቅም። የእኛ ፊልም የሚያልቀው ልጅቷ በሩ ጋ ስትቆም ነው። አባዬ «መጣች፣ ገባች፣ እናቷ እራት አቀረበችላት፣ በሩም ተዘጋ» ብሎ መብራት ያበራል፤ እኛም አጨብጭበን ወደ ቤት። እውነተኛው እንዲህ ነው፦ መቀሱን የሰጠቻት ንግሥቲቱ ራሷ ናት። ልጅቷ ክሯን ቆረጠች። በሩ ጋ የቆመችው ልትገባ ሳይሆን ልትወጣ ነው። በሩ ከተዘጋ በኋላ ደግሞ አንድ ትዕይንት አለ። ልጅቷ ጥቅሏን ይዛ በመንገዱ ትሄዳለች፤ ገና አልነጋም። ንግሥቲቱ መስኮቱ ላይ ሆና፣ ልጅቷ ከዓይኗ እስክትጠፋ ድረስ መንገዱን ታበራላታለች፤ ፋኖሱን በአንድ እጇ ከፍ አድርጋ ይዛለች። እጇ ላይ ክር የለም። ምልክቱ ለመጀመሪያ ጊዜ መልስ ሳይሰጠን «ታዲያ እጇን ያነሳው ማነው?» ብሎ ብቻ መብራቱን አበራ።

ቤት ስደርስ አባዬ ሱቅ ውስጥ ለሰው ፊልም በፍላሽ እየጫነ ነበር። ያኔ ድምፁ ይሻክር ነበር እንጂ ይናገራል። ለምን ዋሸኸን አልኩት። ቋንቋው ስላልገባህ ነው አልኩት። ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ሳያነሳ «ቋንቋው አልገባኝም፤ መጨረሻው ግን ገብቶኛል» አለኝ። ቀጥሎም እማዬ የሞተችበት ዓመት እንደነበር፣ ሁለታችንም ከፊት አግዳሚ ላይ እንደምንቀመጥ፣ ልጅ ጥሎ የሚሄድበትን ፊልም ለልጆች አሳይቶ ወደ ባዶ ቤት መውሰድ እንዳልሆነለት ነገረኝ። «እራቱንም እኔ ነኝ ያበሰልኩላት» አለ ስለ ፊልሙ እናት፤ ሳቀ፣ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠበት።

እታለሜ፣ አሁን ታች ደርሻለሁ። ያ ሳል ጉንፋን አይደለም። አክስታችን ማር እያላሰችው ከረመች፤ ጎረቤታችን ፀጉር ቆራጩም ሐኪም ነኝ ያለ ይመስል ጉሮሮውን በባትሪ አየለት። እውነተኛው ሐኪም ግን ጉሮሮው ውስጥ እብጠት አገኘ። የፊታችን ዓርብ ያወጡለታል። ከዚያ በኋላ ድምፁ ሊመለስም ላይመለስም ይችላል ብለውናል። እስከዚያ ድረስ እንዳይናገር ተከልክሏል። አፉን ከመዝጋቱ በፊት የተናገረው የመጨረሻ ነገር «ለእሷ ትንፍሽ እንዳትሉ፤ በአዘኔታ ተስባ እንድትመጣ አልፈልግም» የሚል ነው። ይኸው ትንፍሽ አልኩ።

ቤቱ ምን እንደሚመስል ላስረዳሽ። እሱ መናገር ቢከለከል አክስታችን የማይሰማ ይመስል ትጮህበታለች። ሱቁን ከትምህርት ቤት መልስ የምይዘው እኔ ነኝ። እሱ እጁን ያንቀሳቅሳል፣ እኔ ለደንበኛ እተረጉማለሁ። እንደ እሱ ከራሴ መጨመሬ አይቀርም፤ ፀጉር ቆራጩ እንዴት አደርክ ሲለው አባዬ እጁን ቢያወዛውዝለት፣ «ባትሪህን ለራስህ አብራ ብሎሃል» አልኩት። አባዬ ያለ ድምፅ ሳቀ። ያለ ድምፅ ሲስቅ አይተሽው አታውቂም፤ እንዳታይው ነው የምለምነው። ያን ቀን ጓዳ ገብቼ የቧንቧውን ውሃ ከፍቼ አለቀስኩ። በቀልድ ልጽፍልሽ ሞክሬ ነበር፣ አልሆነልኝም። ፈርቻለሁ።

የምጽፍልሽ ዋናው ነገር ግን ትናንት የሰማሁት ነው። አክስታችን የታጠበ ልብስ ስታጥፍ መጨረሻውን እየነገርኳት ነበር። እሷ መቼም አሻንጉሊት የሚናገርበት ነገር ሁሉ የሰይጣን ነው ባይ ናት። ንግሥቲቱ ፋኖስ ማንሳቷ ላይ ስደርስ አንሶላውን እንደያዘች ቆመች። «ያቺ የናንተ ንግሥት ከአባትሽ ተምራለች ማለት ነው» አለች። አልገባኝም። ከዚያ ነገረችኝ።

በሄድሽበት ቀን ጎህ ሳይቀድ፣ አባዬ ከአንቺ በፊት ነቅቶ ነበር። የሻንጣሽን ዚፕ ሰምቷል። ማታ «ከወጣሽ ይሄ በር ተዘግቷል» ብሎሽ ስለነበር ወጥቶ ሊያነጋግርሽ ተነሳ፣ የክፍሉን በር እጀታ ያዘ፣ ተመለሰ። አንቺ የውጪውን በር ስትዘጊው እየተደናበረ ሄዶ የደጁን አምፖል አበራ። ያንን፣ እኛ ብናበራው ቤት የሚያፈርስብንን አምፖል። ከዚያ መጋረጃው ጀርባ ሆኖ በፀጉር ቆራጩ ማዕዘን እስክትታጠፊ ቆመ። አክስታችን ከመኝታዋ ሆና አይታዋለች፤ ማንም ስላልጠየቃት አልተናገረችም፤ ያልጠየቋትን የማትናገረው በሕይወቷ አንድ ጊዜ ቢኖር ያንን ነው። ጠዋት ደግሞ «ይሄን አምፖል ማን ነው ያበራው» ብሎ እኔ ላይ ጮኸ። እኔም አላበራሁም ብዬ ተከራክሬ ተሸነፍኩ።

ለሹፌሩ «አባቴ ከአልጋው እንኳን አልተነሳም» ብለሽው እንደነበር ነግሮናል። እስቲ አስቢው። ያን ቀን መንገዱ ጨለማ ነበር? የእግርሽን መርገጫ አላየሽም?

እኔ ደግሞ ተቆጥቼሻለሁ፣ እሱን ሳልነግርሽ አልዘጋም። ከአጠገቤ ተኝተሽ፣ ሳትቀሰቅሺኝ ነው የሄድሽው። አባዬ ቢያንስ አምፖል አበራ፣ እኔ ተኝቼ ቀረሁ። ግን ቂሜን ስትመጪ እንወራረድበታለን። ነይ። ነይና ቅሪ አላልኩሽም፤ ገብታ በሩ የሚዘጋባት መጨረሻ የአባዬ ፈጠራ ነው። ነይ፣ ዓርብ ሳይደርስ ከፊቱ ቁሚ፣ ከፈለጋችሁም ተጨቃጨቁ፣ ከዚያ በጠራራ ፀሐይ ስመሽን ሂጂ። ሐኪሙ ዝም በል ቢለውም አንቺን ሲያይ ዝም እንደማይል አውቃለሁ። ከስፌቱ ካልለቀቁሽ የሱቁ ስልክ አልተቀየረም፣ ደውዪ። ተነስቶ ማንም ካላወራሽ እንዳትዘጊው፤ የሚተነፍሰው እሱ ነው። አንቺ አውሪለት።

አክስታችን ጉንጭሽን በሁለቱም በኩል ስማለች፤ ኮሌታ የምትሰፊ ከሆነ አንድ የተረፈ ላኪልኝ ብላለች፣ ለምን እንደሆነ አልጠየቅኳትም። ፀጉር ቆራጩ ሰላም ብሎሻል፣ ስለ ባትሪው አኩርፎኛል። ድመቷ ወፍራለች። አባዬ ሰላም አላለሽም፣ ምክንያቱም ይህ ደብዳቤ መኖሩን አያውቅም። አብሮሽ ለሚሰፋው ሁሉ፣ ለዘበኛውም ሳይቀር፣ ሰላምታዬን አድርሺልኝ።

ከሱቁ ጓዳ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ
ታናሽሽ

ቆይ፣ የጓዳው መጋረጃ ቀለበት ሲንሸራተት ሰማሁ። አልዞርኩም። የአባዬ ጥላ ወረቀቱ ላይ ወድቋል፤ ከላይ ጀምሮ እያነበበ መሆኑ በትንፋሹ ይታወቃል። ወረቀቱን በክንዴ ብሸፍነውም አልነጠቀኝም። አሁን እጁን ትከሻዬ ላይ አደረገ። ጠራኝ፣ በአፉ፣ የቀረችውን ሻካራ ድምፅ አውጥቶ። የጠራው ግን የእኔን ስም አይደለም፤ ከሄድሽ ወዲህ በዚህ ቤት ያልተጠራውን፣ የአንቺን ነው።