ከታንኩ ሥር የተኛው ውሃ

ሐምሌ 8፣ ማክሰኞ። ከጠዋቱ 2 ሰ.

ለማንም ነግሬ የማላውቀው፦ ያን ቀን ውሃውን አላፈሰስኩም። «አፍስሻለሁ» አልኩ እንጂ።

ይኸው፣ ደብተሬ። ጻፍኩልህ።

ዝናብ። ታምሩ ጎሚስታውን ከፍቷል። ባሌ ኃይሌ ከሞተ ወዲህ ጎማ የሚሠራው እሱ ነው። አርባ ዓመት ያለፈው ሰው፤ ወሬው አያልቅም። ዛሬ ከጅማ ያስመጣውን ካርቶን አሳየኝ። ለኮምፕሬሰሩ ነው፤ ውሃውን በሰዓቱ ራሱ የሚያፈስ ቫልቭ። ከእንግዲህ ማንም ማስታወስ አይኖርበትም አለኝ። እሺ አልኩ። ሻዬ ቀዝቅዟል። ጠጣሁት።

ሐምሌ 9፣ ረቡዕ

ረጋ ብዬ ልጻፈው። ኮምፕሬሰር አየር ሲያምቅ፣ አየሩ ውስጥ ያለው እርጥበት ውሃ ይሆናል። ታንኩ ሥር ይተኛል። በቦንጋ ክረምት ደግሞ አየሩ ራሱ ውሃ ነው። ሥር ያለውን ቡሎን በየቀኑ ፈታ አድርገው ካላፈሰሱት፣ ብረቱ ከውስጥ ይበላል። ከውጭ ሲያዩት ቀለሙ ደህና።

ጎሚስታዎች ይህን «ማሸናት» ይሉታል። ኃይሌ ወገቡን ስለሚያመው ሥራው የእኔ ነበር። ሊዘጋ ሲል ከመንገድ ዳር ይጮሃል፦ «አንቺ፣ አሸናሽው?» ጎማ የሚጠብቁት ሾፌሮች ይስቃሉ። አንዱ «ወይስ ራሷ ትቅደም?» ይላል። ወጥቼ፣ እነሱ ፊት ተንበርክኬ፣ ከታንኩ ሥር እጄን መስደድ አለብኝ። እኔ ከጓዳ «አዎ» እላለሁ። ዝም እንዲል።

ሐምሌ 11፣ ዓርብ

ታምሩ ሥራውን ጀመረ። መጀመሪያ አየሩን በሙሉ አስወጣ። እኔን ወዲያ ቁሚ አለኝ። ቆምኩ። ቡሎኑን ፈታ። የሻይ ቀለም ያለው ውሃ ወጣ፤ ብዙ። በቦታው ጎባጣ ቧንቧ አስገባ፣ ነጭ ቴፕ ጠመጠመ። በተቃራኒው ነው የጠመጠመው። አየር ሲሞላው አንጠባጠበ። ተሳደበ። ይቅርታ እትዬ አለ። እንደገና ተሳደበ።

መመሪያው በእንግሊዝኛ ነው። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ስኳር ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ላይ ነው፤ እንግሊዝኛውንም በመዝገበ ቃላት፣ ብቻዬን። አንዱ ቁልፍ ቫልቩ በስንት በስንት ደቂቃ እንደሚከፈት የሚወስን ነው፣ ሌላው ለስንት ሰከንድ። ነገርኩት። «እትዬ ኢንጂነር!» አለ። መሳቅ ነበረብኝ መሰለኝ።

ሐምሌ 14፣ ሰኞ

ታምሩ ለቫልቩ ማቀፊያ የሚሆን ብረት ሊፈልግ ጓሮ ሄደ። ከእንሰቱ ሥር የድሮውን ታንክ አገኘ። ጠራኝ። ጋሽ አድማሱ የበየደው ይሄ ነው? አለኝ። አዎ አልኩ።

ጋሽ አድማሱ በያጅ ነው። ከአደጋው ጥቂት ወር በፊት የታንኩን እግር በይዶልን ነበር። ታንኩ ፈንድቶ ኃይሌን ሲገድለው ከተማው ሁሉ ብየዳው ነው አለ።

ታምሩ በጣቱ አሳየኝ። ብየዳው እንዳለ ነው። የተቀደደው እዚያ አይደለም፤ ከሆዱ ሥር፣ ውሃ የሚተኛበት። ብረቱ እንደ ወረቀት ሳስቷል። ቀና ብሎ «ታዲያ ሰውየውን በምን አባረራችሁት?» አለኝ።

ወጥ ላወርድ ነው ብዬ ገባሁ። እሳት ላይ ወጥ አልነበረም።

ሐምሌ 15፣ ማክሰኞ

ውሸት ጽፌያለሁ። «ያን ቀን» ብዬሃለሁ። ያን ቀን ብቻ አይደለም። ክረምቱን ሙሉ ነው። በአንድ ቀን ብረት እንዲያ አይበላም። መጀመሪያ «አዎ» ያልኩ ቀን ምንም አልሆነም። በማግስቱም ምንም። ከዚያ ማሰቡን ተውኩት።

ለቅሶው ላይ ጋሽ አድማሱ መጣ። ድንኳኑ ጫፍ ቆመ። ጠጋ ብሎ ቦታ የሰጠው የለም። ወደ እኔ ዓይኑን አነሳ። ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብኩ። የሠራሁት ይኼ ነው፤ ሌላ የለም። ሰዉ እንደ መልስ ቆጠረው። ሥራ የሚሰጠው ጠፋ። መበየጃውን ጭኖ ወደ ሌላ ከተማ፣ ወደ ደካ ሄደ።

አሁን እንኳ አላለቅስም። እግሬ ቀዝቅዟል። እሱ ብቻ ይሰማኛል።

ሐምሌ 17፣ ሐሙስ። ከሰዓት በኋላ

ሠራ። በየግማሽ ሰዓቱ «ፍስስ!» ይላል፤ ውሃው በቱቦ ወደ ጀሪካን ይወርዳል። ባጃጅ ሊያስነፋ የቆመው ሰው ዘለለ። «አይዞህ፣ ሽንቱ ነው!» አለው ታምሩ። ሁሉም ሳቁ። ደጅ ቆሜ ነበር። አልገባሁም።

ሲበተኑ ስለ ጋሽ አድማሱ ጠየቅሁት። አለ፣ አለኝ። ደካ በርና መስኮት ይበይዳል። የመኪና ዕቃ ግን ማንም አያስነካውም። እዚያም «ሰው የገደለው በያጅ» ነው የሚሉት፤ ወሬው ቀድሞት ደርሷል። ታምሩ እያየኝ ነበር።

ሐምሌ 20፣ እሑድ

እነዚህን ገጾች ልቀድ ነበር። ሁለት ጊዜ ያዝኳቸው። ኋላ ሐሳቤን ለወጥኩ፤ በፖስታ አሽጌ ለደካ ሚኒባስ ሾፌር ልሰጥ። ሾፌሩ ያደርስልኝ እንደሆነ ታምሩን አማከርኩት። ለማን? አለኝ። ነገርኩት። ሳቀ። ጋሽ አድማሱ ፊደል አያውቅም፤ የበሩን ልክ እንኳ በክር ነው የሚለካው። ሌላ ሰው ያነብለታላ አለ።

ሌላ ሰው። የሚያነበው ሰው መሐል ላይ ቢያቆም? የከፋውን ዘሎ ቢያነብለት?

ሐምሌ 21፣ ሰኞ። ከጠዋቱ 12 ሰ.

ገጾቹን እየገነጠልኩ ነው፣ ደብተሬ። ይኼኛውን መጨረሻ ላይ እገነጥላለሁ።

ዝናቡ ጋብ ብሏል። ታምሩ ሚኒባሱ ላይ ቦታ ይዞልኛል። ለጋሽ አድማሱ፣ ሥራ የሚሰጡት ሰዎች ባሉበት ልንገረው ብዬ ለታምሩ ነግሬዋለሁ፤ ቀድሞ ደውሎ ጎረቤቶቹን እንዲሰበስብ። ምን ልትነግሪያቸው ነው አላለኝም። ያወቀ ይመስለኛል።

ገጾቹ የጋሽ አድማሱ ናቸው። በእጁ እሰጠዋለሁ። ከዚያ መልሼ እቀበለውና ጮክ ብዬ አነብለታለሁ፤ ከመጀመሪያው ጀምሬ፣ የከፋውን ሳልዘል።