ከአባባ መቀመጫ የሚታየው ብርሃን

ለምትናፍቀኝ ወንድም ጋሼ አሞጽ፣

ከባለቤትህ ከፀደይና ከትንሿ ኖላዊት ጋር እንዴት ናችሁ? ያ ሳል ለቀቀህ? የኖላዊት ጥርስስ ወጣ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ የጨንቻ ብርድ ብቻ ነው የጠናብን።

ሁለተኛው ፊልም ደርሶኛል፣ አመሰግናለሁ። የመጀመሪያውን አጥበህ፣ አባባ ሽመና ላይ ያሉበት ሁሉ ጥቁር ሆኖ መውጣቱን ስትጽፍልኝ እንኳ አልተቆጣኸኝም። ካሜራው ብርሃን መለኪያ ስለሌለው በጻፍክልኝ ወረቀት ነበር የሠራሁት፤ የጥላ ጠርዝ ጥርት ካለ የሌንሱን ቀዳዳ 16 ላይ፣ ከደበዘዘ 11፣ ጥላ ከጠፋ 8፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል። ደጅ ያነሣኋት እማዬ ያማረችው በዚያ ነው። ቤት ውስጥ ግን በሩ ላይ ቆሜ እየገመትኩ ተሳሳትኩ።

የአባባ ዓይን በጣም ደክሟል። የጀመሩት ጋቢ የመጨረሻቸው እንደሆነ ነግረውናል። ረቡዕ ዕለት ጋቢው ሊያልቅ አንድ ክንድ ቀርቶት ነበር፤ እኔም ከፊልሙ የቀረኝ አንድ ፎቶ ብቻ ነበር። ሥራቸውን ማስቆም አፍሬ በሩ ላይ ቆምኩ። አባባ ቀና ሳይሉ ምን እንደሚያስጨንቀኝ ጠየቁኝ። ብርሃኑን መገመት እንዳቃተኝ ነገርኳቸው። ታውቃለህ፣ እኛ ቤት ሴት ልጅ ትፈትላለች እንጂ ሸማኔው መቀመጫ ላይ አትቀመጥም። እሳቸው ግን መወርወሪያውን አስቀምጠው ተነሡ።

«ነይ ተቀመጪ። ከቆምሽበት ሳይሆን እኔ ካለሁበት እይው» አሉኝ።

እግሬን የሸማኔው እግር በሚገባበት ጉድጓድ ውስጥ ከትቼ ተቀመጥኩ። መዳፌን ድሩ ላይ ብዘረጋ ጥላ የለውም፤ ክሩን ከክር ለመለየት ማጎንበስ ነበረብኝ። ወንድም ጋሼ፣ እንዲህ ጨለማ መሆኑን አላውቅም ነበር። አንተን ያስተማሩህ፣ እኔን ያሳደጉኝ እዚያ ተቀምጠው ነው። እንባዬ መጣ። አባባ ደመና ሳይመጣ ቶሎ በይ አሉኝ። ቦታቸውን ለቅቄላቸው ሲቀመጡ፣ የሌንሱን ቀዳዳ እስከ 2 ከፍቼ፣ የመዝጊያውን ፍጥነት 30 ላይ አድርጌ፣ እጄ እንዳይነቃነቅ ካሜራውን በርጩማ ላይ አስደግፌ አነሣኋቸው።

ፊልሙን ጎረቤታችን ጌታነህ ያመጣልሃል። ጥቁር ሆኖ ከወጣም እውነቱን ንገረኝ። እኔ ግን ያን ቀን አባባን ለመጀመሪያ ጊዜ በአፌ አመሰገንኳቸው። እሳቸውም ጋቢው ሲያልቅ መቀሱን ለእኔ ሰጥተው፣ ሁልጊዜ ራሳቸው የሚቆርጡትን ድር እንድቆርጥ አደረጉኝ።

እማዬ ኖላዊትን ሳሙልኝ ብላለች። አክስታችን ሻሺቱ ለፀደይ ሰላምታዋን ልካለች። አባባ ደግሞ በርታ ብለውሃል።

እህትህ ዕድላዊት
ጨንቻ፣ ጥር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.