ላምባውን የሰጠሁት እኔ ነኝ

ሐምሌ 12፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት

መርፌ እየቀቀልሁ ነው። ከሰሉ ረጥቧል፣ ጭሱ ዐይኔን አወጣው። ዝናብ። ሐይቁ አይታይም።

የገ/ማኅበሩ ሊቀመንበር መጡ። ነገ ማታ የመሠረተ ትምህርት ፈተና ነው፣ ከአውራጃ ገምጋሚዎች ይመጣሉ፣ ለማሾ መብራቱ ላምባ የለም። የእኛን ለመኑ። የእኛ ማለት የክትባቱ ፍሪጅ በእሳቱ የሚቀዘቅዝበት። የጤና ጣቢያችን ኃላፊ ጓድ ዓለሙ ባሕር ዳር ስብሰባ ላይ ነው፣ ቁልፉ እኔ ጋ። የፍሪጁን እሳት የሚጠብቀው ዘበኛችን አያ ይመር አጉረመረመ። «ተይ ሲስተር፣ መኪናው ጭቃ ቢይዘውስ?» የወሩ ላምባ ነገ ይመጣል አልሁት። በታንከሩ ያለው እስከ ነገ ያደርሳል። አሮጊቶች ስማቸውን ጽፈው ሊያሳዩ ነው፣ በጨለማ እንዴት ይጽፋሉ?

ሰጠሁ። እውነቱን ልንገርህ ደብተሬ፣ ደስ አለኝ። ሊቀመንበሩ ጎንበስ ብለው እጅ ሲነሡኝ ትልቅ ሰው የሆንሁ መሰለኝ።

ሐምሌ 16

መኪናው የለም። ዘንዘልማ ላይ መንገዱ ተቆርጧል ይላሉ። እሳቱ ከጠፋ ሦስተኛ ቀኑ። አያ ይመር ፍሪጁን በራሱ ጋቢ ጠቅልሎታል፣ የታመመ ልጅ ይመስል። በሩን አትክፈቺ፣ ብርዱ ይወጣል ይለኛል። እኔ ደግሞ መክፈቱን ፈርቻለሁ።

ሐምሌ 18፣ ከሰዓት

ላምባው ደረሰ። ከፈትሁ። ቴርሞሜትሩ ሃያ አራት። ከስምንት ማለፍ የለበትም። የኩፍኙ ክትባት ሁሉ ሞቋል። ት/ቤት ስንማር ቃሉ አንድ ነበር፦ ከሞቀ ይደፋል። መልሰው ቢያቀዘቅዙት ነፍስ አይዘራም።

ዓለሙ ተመልሷል። ነገርሁት። ላምባውን እኔ መስጠቴንም ነገርሁት። አልተቆጣም፣ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። በሩን ዘጋና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ የክትባት ዘመቻው ለአብዮት በዓል መጠናቀቅ አለበት፣ ይጠናቀቃል ብዬ ፈርሜአለሁ አለኝ። ነገ እናቶች ተጠርተዋል። እሳቱን ከፍ አድርጊው፣ እስከ ጠዋት ይቀዘቅዛል።

ይቀዘቅዛል! የሚያውቅ ሰው ነው፣ ከእኔ በላይ የተማረ። ሲያወራ ግን ደጋግሞ በሩን ያይ ነበር። ፈሪ። እኔስ ማን ነኝ?

ሐምሌ 19፣ 10 ሰዓት

ወጋሁ።

ከንጋት ጀምሮ ዝናብ እየወረደባቸው ተሰልፈው ነበር። ከማዶ በታንኳ የመጡ አሉ። ተመለሱ ልላቸው አፌን ከፈትሁ። ዓለሙ ከኋላዬ ቆሟል። የመጀመሪያዋን ሕፃን ክንድ ያዝሁ፣ ከዚያ ወዲያ እጄ ብቻውን ሠራ። እያንዳንዷ እናት እግዜር ይስጥልን ትላለች። ካርዱ እንዳይረጥብ ጉያቸው ውስጥ ይከቱታል።

ውሃ ነው የወጋሁት። ያ ሁሉ የልጅ ለቅሶ ለውሃ።

ስመረቅ ሻማ ይዤ ምዬ ነበር። ለበሽተኛ የሚጎዳ ነገር አልሰጥም ብዬ። ውሃ ይጎዳል ወይ እያልሁ ራሴን ስሸነግል ዋልሁ። የሚጎዳው ካርዱ ነው። ተከትቧል ይላል። አምነውት ይተኛሉ።

ሐምሌ 29፣ እሑድ፣ ባሕር ዳር

ቤቴ ነኝ። ግርማ ከፋብሪካ ሌሊት ፈረቃ ወጥቶ ተኝቶ ነበር፣ እስኪነሣ መጠበቅ አቃተኝ፣ ቀስቅሼ ነገርሁት። ባሌ የሚቸኩል ሰው አይደለም። ፊቱን ታጠበ፣ ተቀመጠ፣ ዝም በይ አለኝ። ዘመኑ ሰው በአንዲት ቃል በአሻጥር ተከሶ የሚጠፋበት ነው፣ ልጅሽን አስቢ። ደግሞም ኩፍኝ ላይገባ ይችላል።

ላይገባ ይችላል። ይህን ይዤ ዋልሁ። ልጄን ሕይወትን ገላዋን ሳጥብ ክንዷን ዐየሁት። የእኔ ልጅ አምና እዚሁ ከተማ ተከትባለች። የእሷ ቀዝቃዛ ነበር።

ነሐሴ 7

ገባ።

ፍልሰታ ነው፤ ልጆች ለቁርባን በየቀኑ ቤተ ክርስቲያን ይታጨቃሉ። ጣቢያችን ግን ባዶ። አንድ ኩፍኝ አልመጣም። አይመጣማ! ኩፍኝ የያዘው ልጅ ፀሐይ አይየው፣ ነፋስ አይንካው ብለው በር ዘግተው ያስተኙታል። ዓለሙ መዝገቡን እያሳየኝ ይኸው ምንም የለም ይላል። ፊቱ በርቷል።

እኔ ግን ከገበያ አንዲት ሴት ሹክ ብላኝ የሺ ቤት ሄድሁ። ያን ቀን ከፊት የተሰለፈች፣ ልጇ አበጀ ሲወጋ አብራው ያለቀሰች ወጣት ናት። በሩ ዝግ። ውስጡ ጨለማ። አበጀ ከጥጉ። ሽፍታው ሳይታየኝ በእጄ ዳሰስሁት። ትኩሳቱ! ዐይኑ ተጣብቋል። የሺ ካርዱን አውጥታ ዘረጋችልኝ። «እርስዎ ነዎት እኮ የወጉት። ተወግቶስ እንዴት ያዘው?»

የተከተበ ልጅ ከያዘውም ቀለል ይልለታል አልኋት። በዚያ ጨለማ ፊቴን አለማየቷ በጀኝ። ዐይኑን በጨው ውሃ ማጠብ አሳየኋት፣ ውሃ አትከልክዪው አልሁ፣ ወጣሁ። ሦስት ቤት ዞርሁ። ሦስቱም በር ዝግ ነው፣ ውስጡ ኩፍኝ።

ነሐሴ 8

ምናልባት ሳልወጋው በፊት ይዞት ይሆን? ቀን ቆጠርሁ። ደግሜ ቆጠርሁ። አይሆንም።

ዓለሙን ለመንሁት። አዲስ ክትባት እናስመጣ፣ ሁሉንም ዳግም እንውጋ። ለምን ብለን እንጠይቃለን አለኝ። እውነቱን ሳንናገር መጠየቅ እንደማንችል ያውቃል።

ነሐሴ 11

አበጀ ሞተ። ዛሬ ጠዋት። እናቱ እስከ መጨረሻ ካርዱን ትራሱ ሥር አስቀምጣ ነበር አሉ።

ዓለሙ የሳንባ ምች ብሎ መዘገበ። ውሸት ብቻ አይደለም፣ ኩፍኙ ሳንባው ገብቶ ነው የገደለው። ግማሽ እውነት ግን ከውሸት የባሰ ነው። የፍሪጁንም የሙቀት ወረቀት ቀዶ ሌላ ሞልቷል። ከ12 እስከ 18 ያለው ሁሉ ስድስት፣ ሰባት፣ ስድስት። ፈርሚ አለኝ።

አልፈረምሁም። አልፈርምም ግን አላልሁም። እጄ እርጥብ ነው አልሁ። ይኸው የእኔ ጀግንነት።

ነሐሴ 14

ወሬው ከተማ ደርሷል። ከአውራጃ ሦስት ሰዎች በላንድሮቨር መጡ። ፍሪጁን ከፈቱ፣ ቀዝቃዛ ነው። ወረቀቱን አዩ፣ ንጹሕ ነው። ግን ሊቀመንበሩ ራሳቸው፣ ነገሩ ያልገባቸው ምስኪን፣ እሳቱ ጠፍቶ እንደነበር ሰምቻለሁ አሉ። ዓለሙ ወዲያው ዘበኛው ነው አለ። እሳቱ ሲጠፋ ደብቆኛል፣ ወረቀቱን የሞላሁት እሱን አምኜ ነው።

አያ ይመርን ጠየቁት። «ላምባው አልቆ ነው ጌቶቼ» አለ። ማን ጨረሰው? ዝም። አሻጥረኛ ነህ? ዝም። ወደ እኔ አላየም። አንዴ ቢያየኝ እናገር ነበር፣ እየማልሁ ነው፣ አንዴ ቢያየኝ። መሬት መሬት እያየ መኪናው ላይ ወጣ።

እኔ ደጃፉ ላይ ነጭ ልብሴን ለብሼ ቆሜ ነበር። ቆሜ!

ነሐሴ 15

እህል አልገባልኝ አለ። ሥራ የምሠራው እኔ አይደለሁም፣ እጄ ብቻ ነው። ሦስተኛው ቤት አንዲት ልጅ ዐይኗ ጠፋ። ከማዶ ወሬ የለም፣ በታንኳ የሄዱት እነዚያ ሁሉ ካርዳቸውን ይዘው ምን ላይ እንዳሉ አንድዬ ይወቅ። ሐይቁን ሳየው መግባት ያምረኛል። ጻፍሁት። አልሰርዘውም።

ነሐሴ 17፣ ረፋድ

የአያ ይመር ባለቤት እትዬ ጥሩ መጣች። ማመልከቻ እንድጽፍላት። ከዚህ መንደር እጅ ጽሑፉ የሚያምር አንቺ ነሽ፣ እሱም ሲስተር ጋ ሂጂ ብሎ ልኮብኛል አለችኝ። ሲስተር ጋ ሂጂ! ከታሰረበት።

ወረቀት አወጣሁ። እሷ ትናገራለች፣ እኔ እጽፋለሁ። «ያን እሳት ከልጆቹ አስበልጦ ነበር የሚያየው በይልኝ። ጋቢውን አልብሶት እሱ በብርድ ሲንዘፈዘፍ አድሯል በይልኝ።» ላምባውን ማን እንደወሰደው ነግሮሽ ነበር? አልሁ። አልነገረኝም፣ እሱ የሰው ስም አያነሣም አለች።

ብዕሩ ቆመ። እንባዬ ቀለሙን አበላሸው። እሷ ለባሏ ያለቀስሁ መስሏት አቀፈችኝ፣ አይዞሽ ልጄ አለችኝ። እኔን! ነገርኋት። ሁሉንም። እጇን ከትከሻዬ አነሣች። ከዚያ ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋ አድርጋ፣ እንግዲያው ይህንኑ ጻፊው ብላ ወጣች።

ነሐሴ 20፣ እሑድ፣ ባሕር ዳር

ለግርማ ነገርሁት። ነገ አውራጃ እሄዳለሁ። የሚያምኑኝ ግን በምን? ወረቀቱ ተቀዷል፣ መዝገቡ ሳንባ ምች ይላል። ቀኑን፣ ሃያ አራቱን፣ ማን ምን እንዳለ የያዝህ አንተ ብቻ ነህ ደብተሬ። አንተን ነው የማስረክበው።

ጮኸ። ዐሥር ዓመት አብረን ስንኖር ጮኾብኝ አያውቅም። ልጅ አለሽ፣ የሥራ ፈቃድሽን ይነጥቁሻል፣ እሱም ዕድለኛ ከሆንሽ ነው። በሩን ወርውሮ ወጣ።

ሐምሌ 29 ላይ የጻፍሁት የእሱ ቃል ትዝ አለኝ። ስለ ዘመኑ ያለው። ይህን ካነበቡ እሱንም ያስሩታል። ቀለም አመጣሁ ላጠፋው። ያን ጊዜ ተመለሰ። አነበበው። ደጋግሞ አነበበው። ከዚያ የቀለሙን ጠርሙስ ከእጄ ወስዶ ከደነው። አንድ መስመር ካጠፋሽ የቀረውን አያምኑም አለ። ሄዶ ሕይወት አጠገብ ተኛ።

ነሐሴ 21፣ ሰኞ፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት

ግርማ ብርድ ልብስና ሹራብ በፌስታል ቋጥሮ በሩ ላይ አስቀምጦልኛል። ሕይወትን አልቀሰቀስኋትም።

ደብተሬ፣ ከእንግዲህ አንተን ማናገር ይብቃኝ። የሚያነብህ ሌላ ነው።

ጓዶች። ላምባውን የሰጠሁት እኔ ነኝ። የሞተውን ክትባት የወጋሁት እኔ ነኝ። ይመር ንጹሕ ነው፣ ዛሬውኑ ፍቱት። ዓለሙን ፈሪ ብዬዋለሁ፣ እኔም ያው ነኝ። ባሌ የተናገረው ስለ እኔ ፈርቶ ነው። ሐምሌ 19 የወጋኋቸውን ልጆች ስም፣ የእናታቸውን ስምና መንደራቸውን ከመጨረሻዎቹ ገጾች ላይ ገልብጫለሁ። ከማዶ ያሉት ለብቻ ናቸው፣ እዚያ የሚደርሰው በታንኳ ነው። እኔ የትም አልሄድም፣ ይህን የምጽፈው እናንተው በር ላይ ቁጭ ብዬ ነው። ከእኔ በፊት ለእነሱ ድረሱላቸው፣ ክትባቱንም በበረዶ ይዛችሁ ሂዱ።