በመቃብሩና በበረቱ መካከል ስለቆመው ግንብ

ለአልኮርናል መንደር ከንቲባ ለክቡር ዶን ኢላሪዮ፣
ለዚሁ መንደር ደብር አስተዳዳሪ ለአባ አንሴልሞ፣
ባሉበት።

እንደምን ሰነበታችሁ? ጤናችሁ እንደ ሥልጣናችሁ የጸና፣ እንቅልፋችሁም እንደ ሕሊናችሁ ያልተነካ ይሁን። በተለይ አባ አንሴልሞ፣ ዝናብ ጠፍቶ የወይራው ፍሬ ገና ዛፉ ላይ እንዳለ ስለተጨማደደ፣ ሳምንቱን ሙሉ የእመቤታችንን ምስል አሸክመው በምህላ ሲዞሩ እግርዎ ማበጡን ሰምቼ አዝኛለሁ። ክቡር ከንቲባውም ሻማ ይዘው ከኋላ መከተላቸው፣ መንግሥት ጉድጓድ ከማስቆፈር ይልቅ ሰማይን መለመን እንደሚቀለው በግልጽ ያሳየ ትሑት ተግባር ነውና ምስጋናዬ ይድረሳቸው።

እኔ ስሜ ከታች የሰፈረው ግንበኛ፣ እናንተ አናርኪስት፣ ሥርዓት አልበኞች ከምትሏቸው፣ እነሱ ግን ራሳቸውን ነጻ ሰዎች ከሚሉት ወገን ነኝ፤ ወይም እስካለፈው ሰኞ ድረስ ነበርኩ። አቤቱታዬን በአንድ ቅጂ በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ፣ በሌላ ቅጂ በሠራተኞች ማኅበሩ በር ላይ የምለጥፈው ለሁለቱም ወገን የሚደርስ ነገር ስላለበት ነው። ማንበብ የማይችል ሰው እንደልማዳችን የሚያነብለት አያጣም።

አንደኛ። አማቴ እማማ ካሲልዳ ባላቸው ጋስፓር ከሞቱ ወዲህ ከባለቤቴ ከባልቢናና ከእኔ ጋር ይኖሩ ነበር። ማታ ማታ እኔ ጋዜጣዬን ጮክ ብዬ ሳነብ እሳቸው መቁጠሪያቸውን በለሆሳስ ይቆጥሩ ነበር፤ ማንም ማንንም አስቸግሮ አያውቅም። በነሐሴ መጨረሻ መተንፈስ አቅቷቸው ቄስ ጥሩልኝ ሲሉ፣ ባልቢና ሻሿን አስራ ወደ እርስዎ መጣች፣ አባ አንሴልሞ። የለመነችዎት በጓሮ በር፣ ያለ ቃጭል፣ ብቻዎን እንዲመጡ ብቻ ነበር። ጓዶቻችን ከሰሙ በሩ ላይ እንደሚሰለፉ ታውቅ ነበርና። እርስዎ ግን ጌታ በጓሮ በር አይገባም ብለው መለሷት። ጌታ የተወለደው የት እንደሆነ ልታስታውስዎ አስባ፣ ቄስን ማስተማር ነውር መስሏት ትታው ተመለሰች።

በማግስቱ በቀትር፣ ካባ ለብሰው ቃጭል እያስደወሉ፣ ክቡር ከንቲባውን በቀኝ፣ ጠመንጃ ያነገቱ ሁለት ዘበኞችን በግራ አሰልፈው መጡ። አንዲት አሮጊት ለማናዘዝ ስንት ጥይት እንደሚያስፈልግ የምታውቀው ቤተ ክርስቲያን ብቻ ስለሆነች አልጠየቅንም። ጓዶቻችንም ቃጭሉን ሰምተው ከየሥራቸው መጥተው መንገዱን ዘጉ። እናንተ ዘበኞቹን መልሳችሁ ብቻችሁን እንግባ አላላችሁም፤ እነሱም ፈቀቅ አላሉም። ከሰዓት በኋላ እማማ ካሲልዳ ሳይናዘዙ ሞቱ፤ እናንተም ካባችሁ አቧራ ሳይነካው ወደ ምሳችሁ ተመለሳችሁ።

ሁለተኛ። ያለ ንስሐ በአናርኪስት ቤት የሞተች ሴት በተቀደሰ መሬት አትቀበርም ብለው ስለወሰኑ፣ ክቡር ከንቲባውም ውሳኔውን በማኅተም ስላጸኑት አመሰግናለሁ። በዚሁ መሠረት እማማ ካሲልዳ ከመቃብሩ ግንብ ወዲያ፣ መንደራችን በረቱ እያለ በሚጠራው፣ ሳማ በወረሰው ቦታ፣ ራሳቸውን ካጠፉ ሰዎችና ሳይጠመቁ ከሞቱ ሕፃናት ጋር ተኝተዋል። የእኛ ሰዎች እዚያ የሚቀበሩት ወደው ነው። እሳቸው ግን አልወደዱም። የእሳቸው ቦታ ከግንቡ ወዲህ፣ ከጋስፓር ጎን ነበር። በየዓመቱ የሙታን ቀን ሲደርስ የባላቸውን መቃብር ኖራ ሲቀቡ፣ አጠገቡ ያለውን የራሳቸውን ባዶ ቦታ ዙሪያም አብረው ይቀቡ ነበር፤ ቀይ አበባም ተክለውበታል። ምነው ብንላቸው፣ «ስመጣ ቤቱ ጠርቶ ይቆየኝ ብዬ ነዋ» ይሉን ነበር። እኔ ማድረግ የቻልኩት ጉድጓዱን ከግንቡ ሥር፣ ከጋስፓር ትይዩ መቆፈር ብቻ ነው። አሁን ባልና ሚስቱን የሚለያያቸው ክንድ የማይሞላ የድንጋይ ውፍረት ነው።

ሦስተኛ። አጥፊው ግንበኛ በእሑድ ቅዳሴ ጧፍ ይዞ ቢንበረከክና ሐሳቡን በሕዝብ ፊት ቢክድ አስከሬኑ ይዛወራል ብለው በባልቢና እጅ በጽሑፍ ስለላኩልኝ ተስፋ ከልብ አመሰግናለሁ። ተንበረከክሁ። ጉልበቴ ድንጋይ ላይ መዋል የለመደ ስለሆነ እሱስ አላመመኝም። እርስዎም ከመስበኪያው ላይ ስለጠፋው በግ ረጅም ስብከት ሰበኩ፤ በጉ ከፊትዎ ተቀምጦ ሁሉንም ሰማ። ቅዳሴው ሲያልቅ ግን የማዛወሩ ፈቃድ የከንቲባው ነው አሉኝ። ክቡር ከንቲባውም መሬቱ የተቀደሰ ስለሆነ ጳጳሱ ይፍቀዱ አሉኝ። የጳጳሱ ጽሕፈት ቤት ጉዳዩ የአገረ ገዢው ነው አለ። አገረ ገዢው ደግሞ አስቀድሞ የደብሩ አስተዳዳሪ አስተያየት ይቅረብ አሉ። የደብሩ አስተዳዳሪ እርስዎ ነዎት። ሃይማኖትና መንግሥት አንድ አካል ናቸው እያልን በጋዜጣችን መጻፋችን ስህተት ነበርና ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ሁለት መሆናቸው ለእናንተ ይህን ያህል እንደሚጠቅም አላወቅንም ነበር።

አራተኛ። ይህ ክስ በእናንተ ላይ አይደለም፤ በራሴ ላይ ነው። የሚከሰኝ ሌላ ባለሥልጣን ስላጣሁ ራሴ እጽፈዋለሁ።

ያን ቀን በቀትር ከጓዶቹ ሁሉ ፊት፣ ደጃፉ ላይ የቆምኩት እኔ ነበርኩ። ባለፈው ጸደይ እርስዎ ራሱን ስቶ ወደተኛ ጓዳችን ገብተው ሲያበቁ ንስሐ ገብቶ ሞተ ብለው ስላወጁበት፣ ማንም ማንንም አያዝም የሚለው ማኅበራችን፣ ከእንግዲህ በጓድ ቤት ቄስ እንዳይገባ እጅ እያወጣ ወስኖ ነበር። እጃቸውን ካወጡት አንዱ ነኝ። እማማ ካሲልዳን ማንም አልጠየቃቸውም፤ በዚያው ቤት የምኖረው እኔም አልጠየቅኋቸውም።

አልጋቸው ላይ ሆነው በተከፈተው በር ጀርባዬ ይታያቸው ነበር። በስሜ ጠሩኝ። «ኤሌውቴሪዮ፣ ልጄ፣ በዚህ ቤት ጌታ የለም ስትለኝ ኖርክ። ታዲያ አሁን በሬ ላይ የቆምከው አንተ ማን ነህ?» አሉኝ። ትንፋሻቸውን ሰብስበው ደግሞ፣ «ያንተን ጋዜጣ ይሄን ሁሉ ዓመት ሰማሁልህ። የኔን ጸሎት አንድ ቀን ብትሰማልኝ ምን ነበረበት?» አሉ። ዞር ብል ኖሮ መንገዱ ይከፈት ነበር፤ ጓዶቹ የቆሙት በእኔ ስም ነበርና። አልዞርኩም። እግዚአብሔርን አልፈራም፣ ንጉሡንም አልፈራም እያልኩ የኖርኩት ሰውዬ ጫማ ሰፊውን ፕሮግሬሶን ፈራሁ፤ ማታ በማኅበሩ ምን ይለኝ ይሆን ብዬ።

ስለዚህ ጥፋተኛ ነኝ። ቄሱና ከንቲባው የእማማ ካሲልዳን በር ከውጭ ዘጉባቸው ብል አልዋሸሁም፤ ከውስጥ የዘጋሁባቸው ግን እኔ ነኝ። ሌላ ሰው እንዳይገዛኝ ስጠነቀቅ ኖሬ በቤቴ አንዲት አሮጊት ስገዛ አልታወቀኝም። ማኅበሩም ለእናንተ በመንበርከኬ ሰኞ ዕለት ተሰብስቦ አባሮኛል። ፕሮግሬሶ ውሳኔውን ሲያነብ ድምፁ የእርስዎን የእሑድ ድምፅ ቁርጥ መሆኑን ብነግርዎ ደስ ይልዎታል። ባልቢና ምግቤን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወደ ጓሮ ትወጣለች፤ ከቀብሩ ወዲህ ቃል አልተነፈሰችልኝም። አልፈርድባትም። ዳቦው በአፌ ሲዞር፣ እማማ ካሲልዳ በዚያ ጀርባዬ ላይ ዓይናቸውን ጥለው መሞታቸውን አስባለሁ።

በመጨረሻም፣ የመቃብሩ ግንብ በመሰንጠቁ ከሙታን ቀን በፊት እንዲጠገን ስትወስኑ፣ በመንደሩ ሌላ ግንበኛ ስለሌለ ሥራውን ለእኔ መስጠታችሁን ሳላመሰግን ማለፍ አይገባኝም። አማቴን ከባላቸው የሚለየውን ግንብ እኔው እንዳጠነክረው ማዘዝ ከእናንተ በቀር ለማንም የሚመጣ ሐሳብ አይደለም። ባለፈው ሐሙስ ጨርሻለሁ። ክቡር ከንቲባውም በከዘራቸው መታ መታ አድርገው፣ ሥራው እንዳስደሰታቸው ነግረውኛል።

ለማኅተማችሁ የማይደርቅ ቀለም፣ ለቃጭላችሁ የማይደክም ክንድ፣ ለራሳችሁም ከግንቡ ወዲህ ሰፋ ያለ ቦታ እየተመኘሁ፤ ሁለተኛ በማንም ፊት ላለመንበርከክ፣ ይልቁንም ሁለተኛ በማንም ሰው በር ላይ ላለመቆም ለሟቿ ቃል የገባሁ፣ ከበጎቹም ከጓዶቹም የተባረርኩ፣ የማልታዘዝ አገልጋያችሁ፣

ኤሌውቴሪዮ ባራንኮ
ግንበኛ

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ጽፌ ከመለጠፌ በፊት አንድ ነገር መዝለሌ ትዝ አለኝ። በጋስፓርና በእማማ ካሲልዳ መካከል ባለው የግንቡ ክፍል ድንጋዩን ያያያዝኩት በኖራ ሳይሆን በጭቃ ነው፤ ኖራ የቀባሁት ላዩን ብቻ ነው። ድርቁ ቢቀጥል ኖሮ ቆሞ ይከርም ነበር። ነገር ግን አባ አንሴልሞ፣ ምህላዎ ተሰምቷል፤ ከትናንት ጀምሮ ሲወርድ ያደረውን ዝናብ እርስዎም አይተውታል። ዛሬ ጠዋት ባልቢና በረቱን አይታ፣ እስከ ጉልበቷ ረጥባ ተመለሰች። «ወድቋል» አለችኝ። «ና፣ ድንጋዩን አንሳልኝ፤ የእማዬን አበባ ወደ እሷ ላሻግርላት።» ስለዚህ እየሄድኩ ነው። ግንቡን መልሳችሁ ማሠራት ብታስቡ ግንበኛው አይመቸውም። ያፈረስከው አንተ ነህ ብላችሁ ከመክሰሳችሁ በፊት ደግሞ፣ ዝናቡን ያመጣው ማን እንደሆነ እሑድ ከመስበኪያው ላይ ለሕዝቡ እንዲያስረዱልን በትሕትና እለምናለሁ።